ውሃ የማያስገባ ቦቲና ጓንት፦ ድሬዳዋና ሐረር ላይ ለውጭ ሥራ መርጦ መግዣ፣ መልበሻና መያዣ

ድሬዳዋ ላይ ሰው ቦቲ ፍለጋ የሚወጣው ሰማዩ ከጠቆረ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ዋጋው ይወደዳል፣ ብዙ ሰው የሚለብሳቸው ቁጥሮች ቀድመው ያልቃሉ፣ የቀረው አንድም ሰፊ አንድም ጠባብ ይሆናል። ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፦ በልጉ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ክረምቱ ከሐምሌ እስከ መስከረም። ስለዚህ ጥሩው የመግዣ ጊዜ የካቲትና ሰኔ ነው። አርማታ የሚያቦካ፣ ላቫጆ የሚሠራ፣ ቄራ የሚውል ወይም መስኖ የሚያጠጣ ሰው ግን ወቅት አይጠብቅም፤ ዓመቱን ሙሉ እጁና እግሩ እርጥብ ነው።

ከገበያ በፊት አንድ ነገር መታወቅ አለበት። "ውሃ አያስገባም" የተባለ ዕቃ ሁሉ ማንኛውንም ፈሳሽ አይችልም። ለዝናብ የሚበቃው ጎማ ናፍጣ ሲነካው ያብጣል። ለዕቃ ማጠቢያ የሚሆነው ጓንት ድንጋይ ሲያነሱበት ግማሽ ቀን አይቆይም። ብዙ ሰው "ቦቲው ያስገባል" ብሎ የሚጥለው ቦቲ ደግሞ ቀዳዳ የለውም፤ ውስጡን ያረጠበው ላብ ነው። ስለዚህ ምርጫው ከዋጋም ከመልክም ሳይሆን ከሥራው ይጀምራል።

ደረጃ 1፦ የሚነካዎትን ፈሳሽ ይለዩ

ዝናብ፣ ጭቃ ወይም የመስኖ ውሃ ብቻ ከሆነ ተራው የፕላስቲክ ቦቲ (ፒቪሲ) ይበቃል። ከዚያ በላይ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

ሲሚንቶ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ውሃ የነካው ሲሚንቶ የፒኤች መጠኑ 12 እስከ 13 ይደርሳል፤ ቆዳን የሚያቃጥል ኃይለኛ አልካሊ ነው። ክፋቱ ሲነካ ወዲያው አለማመሙ ነው። ቦቲ ውስጥ ገብቶ ቁርጭምጭሚት ላይ የዋለ ሲሚንቶ ማታ ጫማ ሲወልቅ ቆዳውን ልጦት ይገኛል። በውስጡ ያለው ክሮሚየም ደግሞ በአንዳንድ ሠራተኞች ላይ ዕድሜ ልክ የሚቆይ አለርጂ ያመጣል፤ አንዴ ከያዘ ጥቂት ሲሚንቶ እንኳ እጅን ያሳክካል፣ ያሰነጣጥቃል። ለእርጥብ ሲሚንቶ የቆዳ ጫማና የቆዳ ጓንት አይሆንም። ቆዳው ውሃውን መጦ ቀኑን ሙሉ ከሰውነት ጋር አጣብቆ ያቆየዋል። ፒቪሲ፣ ጎማ ወይም ናይትራይል (ዘይት የሚችል ሰው ሠራሽ ጎማ) ይሁን። ጣውላ ላይ የቀረ ሚስማርና የፌሮ ሽቦ ስለማይጠፋ፣ ሶሉ ውስጥ የብረት ሽፋን ያለው ቢሆን ይመረጣል።

ናፍጣ፣ ቤንዚን፣ የሞተር ዘይትና ግሪስ የተፈጥሮ ጎማ ጠላቶች ናቸው። ጎማው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻ ይቀደዳል። ሞተር የሚያጥብ የላቫጆ ሠራተኛና የጋራዥ ሰው ናይትራይል ወይም ናይትራይል የተቀላቀለበት ፒቪሲ ይፈልግ። ቄራና ሥጋ ቤትም ያው ነው፤ ሞራ ተራውን ፕላስቲክ ቀስ በቀስ ያደርቀዋል። ነጩ ቦቲ ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ ነው። የነጩ ጥቅም ቆሻሻ ማሳየቱ ብቻ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሞራ እንዲችል ተደርጎ የተቀላቀለ ነው።

ቦይና ፍሳሽ የሚጠርግ ሰው ከውሃው ይልቅ ውሃው ውስጥ ያለውን ይፍራ፦ የተሰበረ ጠርሙስ፣ ምላጭ፣ መርፌ፣ ቆርቆሮ። እዚህ ላይ የብረት ሶል ምርጫ አይደለም፣ ግዴታ ነው። ጓንቱ የፈለገውን ያህል ወፍራም ቢሆን መርፌን አያቆምም። ስለዚህ ቆሻሻውን በአካፋ፣ በመንጠቆ ወይም በመቆንጠጫ ያንሱ፤ እጅ አይግባ።

በሐረር ዙሪያ፣ በአወዳይና በሐረማያ በኩል ጫትና አትክልት ላይ ፀረ ተባይ የሚረጩ ሰዎች ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ውስጡ የጥጥ ገበር ያለው ጓንትና ቦቲ ለመርጫ አይሆንም። መድኃኒቱ አንዴ ገበሩ ውስጥ ከገባ ታጥቦ አይወጣም፤ በለበሱት ቁጥር በላብ እየሟሟ ወደ ቆዳ ይመለሳል። ለርጭት ገበር የሌለው ናይትራይል ጓንትና ውስጡ ልሙጥ የሆነ ቦቲ ይያዙ፤ ለሌላ ሥራም አያውሏቸው።

ደረጃ 2፦ እግርዎን ይለኩ

ከሰዓት በኋላ፣ እግር ከሥራና ከሙቀት ትንሽ ካበጠ በኋላ ይለኩ። ለሥራ የሚያደርጉትን ካልሲ ያድርጉ፣ ወረቀት ላይ ቆመው (ተቀምጠው አይደለም) የሁለቱንም እግር ዙሪያ በእርሳስ ያስምሩ። ከተረከዝ ጫፍ እስከ ረጅሙ ጣት ጫፍ ያለውን ርዝመት በሳንቲሜትር ይያዙ፤ ብዙ ሰው አንዱ እግሩ ከሌላው ስለሚበልጥ የሚያዘው ትልቁ ነው። በዚህ ላይ 1.5 ሳንቲ ሜትር ይጨምሩና ድምሩን በ1.5 ያባዙ። የሚገኘው የአውሮፓ ቁጥር ነው። እግሩ 26 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰው 27.5 ሲባዛ በ1.5 ያደርግና 41.25 ያገኛል። ቦቲ ግማሽ ቁጥር ስለሌለው 42 ይይዛል።

ወደ ታች አያጠጋጉ። ጠባብ ቦቲ ጣትን ይጫናል፣ ላብ ይይዛል፣ እርጥብ ካልሲ ሲያብጥ ለማውለቅ ሰው ያስፈልጋል። በጣም ሰፊው ደግሞ ጭቃ ውስጥ እግር ሲወጣ ቦቲው ይቀራል፤ ተረከዝም ይልጣል። ለብሰው ሲቆሙ ረጅሙ ጣት ፊት ለፊት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ሊያገኝ ይገባል፤ ሲራመዱ ተረከዝ ትንሽ ከፍ ቢል ችግር የለውም፣ ከጣት ውፍረት በላይ ከተነሳ ግን ይመልሱት።

ደረጃ 3፦ የቦቲውን ዓይነት፣ ቁመትና ቀለም ይምረጡ

ፒቪሲ በአንድ ሻጋታ የሚፈስ ስለሆነ ስፌት የለውም፣ ስለዚህ አዲስ ሆኖ የሚያስገባበት ቦታ የለም። ርካሽ ነው፣ ሲሚንቶም አይጎዳውም። ድክመቱ የሚታጠፍበት ቦታ ነው፦ ጣቶች ከሚጀምሩበት በላይና ቁርጭምጭሚቱ ላይ። ፀሐይ ካደረቀው በኋላ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው እዚያው ነው።

የጎማ ቦቲ ይለሰልሳል፣ ከእግር ጋር ይተጣጠፋል፣ ሲቀደድም በቀላሉ ይለጠፋል። ግን ይከብዳል፣ ዘይትና ናፍጣ አይችልም፣ የፀሐይ ሙቀትም ያደርቀዋል። የፖሊዩሪቴን (አረፋማ ፕላስቲክ) ቦቲ ከሁሉ ቀላል ነው፤ ቀኑን ሙሉ ለሚራመድ ሰው ይመቻል። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ደግሞ አንድ የተደበቀ ችግር አለበት፦ ሳይለበስ መጋዘን ውስጥ ዓመታት ከቆየ እርጥበት ቁሱን ከውስጥ ይበላዋል። መልኩ አዲስ ሆኖ በተለበሰ ሳምንት ሶሉ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ልባሽ ተራ የሚገኙ፣ ከውጭ የመጡ ጥሩ የሚመስሉ የሥራ ጫማዎች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት በዚህ ነው።

የቆዳ ሥራ ጫማ ውሃ ይቋቋማል እንጂ ውሃ ውስጥ አይቆምም። ስፌቱ ሁሉ በር ነው። እርጥብ ሣር ላይና ካፊያ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይበቃል፤ ቦይ ውስጥ ለሚገባ አይበቃም። ለእንዲህ ያለ ጫማ የሚሆን ማለስለሻ ቤት ውስጥ ይሠራል፦ 50 ግራም የንብ ሰምና 50 ግራም ቫዝሊን በጣሳ ያድርጉ፣ ጣሳውን የፈላ ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ አስቀምጠው ያቅልጡ። በቀጥታ እሳት ላይ አይጣዱት፤ ሰም ይቀጣጠላል። የጸዳና የደረቀ ጫማ ላይ ለብ ሲል በጨርቅ ይቡት፣ ስፌቱን ሁለት ጊዜ ይድገሙ፣ ሌሊቱን ያሳድሩትና ትርፉን ይጥረጉ። ክረምት ላይ በሁለት ሳምንት አንዴ ይደገማል።

ቁመቱን በተመለከተ ረጅም ሁሉ ጥሩ አይደለም። እስከ ጉልበት ሥር የሚደርሰው (ከ35 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር) ለቦይ፣ ለአርማታና ለመስኖ ነው። ላቫጆና ገበያ ላይ ዕቃ ለሚያወርድ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያለው ይሻላል፤ በእያንዳንዱ እርምጃ አየር ይወጣበታል ይገባበታል። 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ድሬዳዋ ይህ ልዩነት ከባድ ነው። 1,900 ሜትር በሚጠጋው ሐረር ላይ ያን ያህል አይሰማም። ለቀለሙም እንደዚሁ፦ ፀሐይ ላይ የሚውል ሰው ጥቁሩን ትቶ ነጭ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ይያዝ፤ ጥቁር ቦቲ ሙቀት ይሰበስባል። ሐረር ላይ የበለጠ የሚያስፈልገው የሶሉ ጥርስ ነው። የጀጎል መንገዶች ቁልቁለት ናቸው፣ ድንጋዩም በብዙ እግር ተሞርዶ ለስልሷል። የሶሉ ጥርስ ጥልቀት ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ውሃው በጥርሱ መሃል ወደ ጎን የሚወጣበት ክፍት ቦይ ይኑረው።

አንድ ነገር በግልጽ ይነገር፦ ረጅም ቦቲ ድሬዳዋን ለሚያቋርጠው ለደቻቱ ወንዝ አይደለም። ጎርፉ የሚመጣው ከላይ ከተራራው ስለሆነ፣ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ላይ የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ቦቲ ውሃ ከሞላ እግርን ይይዛል፣ ሰውን ይጥላል። አሸዋ የሚያወጣ ሰው በላይ በኩል ደመና ሲያይ ወይም ውሃው ሲደፈርስ ዕቃውን ትቶ ይውጣ።

ደረጃ 4፦ ሶሉ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ

በትክክል የተመረተ የሥራ ቦቲ በምላሱ፣ በባቱ ወይም በሶሉ ላይ ምልክት አለው። አይኤስኦ (ISO፣ ዓለም አቀፍ የጥራት መለኪያ) 20345 የሚለው ቁጥር ጣት መከላከያው 200 ጁል ምት እንደሚችል ይናገራል፤ ይህም 20 ኪሎ ዕቃ ከአንድ ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ያለው ጉልበት ነው። 20346 የግማሹን፣ 100 ጁል ይችላል። 20347 ጣት መከላከያ የለውም።

ከቁጥሩ ጋር በላቲን "ኤስ" (S) ፊደል የሚጀምር ምልክት ይኖራል። ኤስ 1 ውሃ አይቋቋምም፤ ለደረቅ ቦታ ነው። ኤስ 2 እና ኤስ 3 ለተወሰነ ጊዜ ውሃ የሚቋቋም የቆዳ ጫማ ነው፤ ኤስ 3 በተጨማሪ ሚስማር የማያሳልፍ ሶል አለው። ሙሉ በሙሉ ከጎማ ወይም ከፕላስቲክ የተሠሩት ኤስ 4 እና ኤስ 5 ናቸው። ኤስ 4 የሚስማር መከላከያ የለውም፣ ኤስ 5 አለው። ለአርማታና ለቦይ የሚፈለገው ኤስ 5 ነው። ሻጩ "ያው ነው" ቢልዎ ያው አይደለም።

ጽሑፍ ማተም ቀላል ስለሆነ በማግኔት ያረጋግጡ። ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ትንሽ ማግኔት ኪስዎ ይያዙ። ጣቱ ላይ ከውጭ ሲያስጠጉት ቢሳብ የብረት ጣት አለው። እጅዎን ወደ ውስጥ ሰደው ሶሉ ላይ ሲያሳርፉት ቢጣበቅ የብረት ሶል አለው። ብረት ያልሆኑ መከላከያዎችም ስላሉ ማግኔት አለመሳቡ ብቻውን ሐሰት ነው አያሰኝም፤ ብረት ነው ብለው ሸጠውልዎ ካልሳበ ግን ይተዉት።

ብዙ ጊዜ ሶሉ ሥር ሰዓት የሚመስል ትንሽ ክብ አለ። ቀስቱ ወሩን፣ መሃሉ ላይ ያለው ቁጥር ዓመቱን በአውሮፓ አቆጣጠር ያሳያል። ፖሊዩሪቴን ከሆነና ከተመረተ አምስት ዓመት ካለፈው አይግዙ።

ደረጃ 5፦ ሱቅ ላይ የሚደረግ ፍተሻ

ተራው የፕላስቲክ ቦቲ ድሬዳዋ ላይ ቀፊራና ታይዋን ገበያ፣ ሐረር ላይ ሸዋ በር አካባቢ ይፈለጋል። የብረት ጣትና ሶል ያለውን ለማግኘት ግን የሕንፃ መሣሪያና የሴፍቲ ዕቃ የሚሸጡ መደብሮችን መጠየቅ ይሻላል። ለመርጫ የሚሆን ጓንት የግብርና መድኃኒት ከሚሸጡበት ይጀምሩ።

ቦቲውን እጅዎ ላይ ይዘው የጣቱን መገጣጠሚያ ወደ ላይ አጥብቀው እጥፍ ያድርጉት። የታጠፈው ቦታ ከነጣና ሲለቁት መስመሩ ከቀረ ፕላስቲኩ የደረቀ ነው። ሶሉንና የላይኛውን ክፍል በሁለት እጅ ይዘው ለመለያየት ይሞክሩ፤ ክፍተት ካሳየ አይሆንም። ሶሉን በጥፍር ይጫኑት፤ ጥፍሩ ገብቶ ምልክቱ ከቀረ ወይም ቅርፊት ከተነሳ ያረጀ ነው። እጅዎን ውስጥ ሰደው ከተረከዝ እስከ ጣት ይዳስሱ፤ ከሻጋታው የቀረ ሹል ጠርዝ በሁለት ቀን ካልሲውን፣ በሦስተኛው እግሩን ይበላል። ከዚያ የሁለቱንም ቁጥር ይመልከቱ። ግራው 42 ቀኙ 41 የሆነ ጥንድ የተደራረበ ገበያ ላይ ብርቅ አይደለም። በመጨረሻ ሁለቱንም አድርገው ቁጢጥ ይበሉ፤ አፉ ባትን የሚቆርጥ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ይቆርጣል።

ደረጃ 6፦ ጓንት

ሰው ለቦቲ ተጨንቆ ለጓንት የመጣለትን ይይዛል። በእውነቱ ግን ከቦቲ ይልቅ ጓንት ላይ ነው ብዙ የሚሳሳት፤ ምክንያቱም በገበያ ላይ በብዛት ያለው ጓንት ውሃ የማያስገባ መስሎ የሚያስገባ ነው። መዳፉና ጣቱ ላይ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ ወይም ግራጫ ጎማ የተቀባው፣ ጀርባው የክር ሹራብ የሆነው ጓንት ለመያዣ ብቻ ነው። ድንጋይ፣ ብሎኬትና ፌሮ ለማንሳት ጥሩ ነው። ውሃና የሲሚንቶ ውሃ ግን ከጀርባው ይገባል፣ ገብቶም አይወጣም። ውሃ ለሚነካ ሥራ ጓንቱ ከጣት ጫፍ እስከ አንጓው በላይ ሙሉ በሙሉ የተነከረ መሆን አለበት፤ ርዝመቱም ቢያንስ 30፣ ለቦይ 35 ሳንቲ ሜትር።

ለዝናብና ለላቫጆ ከውጭ ወፍራም ፒቪሲ፣ ከውስጥ ሹራብ ገበር ያለው ይበቃል። ለሲሚንቶ ናይትራይል ወይም ፒቪሲ። ለናፍጣና ለዘይት ናይትራይል። ለመርጫ ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ገበር የሌለው ናይትራይል። ቢጫው የዕቃ ማጠቢያ ላቴክስ (የተፈጥሮ ጎማ) ለሳሙናና ለውሃ ነው፤ ከዚያ አያልፍም፤ ላቴክስ ቆዳቸውን የሚያሳብጥባቸው ሰዎችም ስላሉ ማሳከክ ከጀመረ ወዲያው ይቀየር። ስስ የሕክምና ጓንት ለውጭ ሥራ አይሆንም።

ጓንቱ ላይ ሁለት ምልክት ይፈልጉ። መዶሻ የሚመስለው ሥዕል ከኢኤን (EN፣ የአውሮፓ መለኪያ) 388 ጋር ይመጣል፤ ሥሩ ያሉት አራት ቁጥሮች በተራ መፋቅን፣ መቆረጥን፣ መቀደድንና መበሳትን ምን ያህል እንደሚችል ይናገራሉ። የመጀመሪያው፣ ሦስተኛውና አራተኛው እስከ 4፣ ሁለተኛው እስከ 5 ይደርሳሉ። ድንጋይ ለሚነካ እጅ የመጀመሪያው ቁጥር 3 ወይም 4 ይሁን። ብልቃጥ የሚመስለው ሥዕል የኬሚካል ነው፤ ሥሩ ያሉት የላቲን ፊደላት የተፈተነባቸውን ኬሚካሎች ይናገራሉ። ለሲሚንቶ የሚፈለገው "ኬ" (K) የሚለው ፊደል ነው፤ 40 በመቶ ኮስቲክ ሶዳ እንደሚችል ያሳያል። ምንም ሥዕል የሌለው ጓንት ለዝናብ ይሁን፣ ለኬሚካል አይሁን።

ለቁጥሩ ከአውራ ጣት ውጭ የመዳፍዎን ዙሪያ በሜትር ይለኩ። 18 ሳንቲ ሜትር ገደማ 7 ቁጥር፣ 20 ገደማ 8፣ 23 ገደማ 9፣ 25 ገደማ 10 ነው። ለሚታጠብና ለሚወልቅ ጓንት አንድ ቁጥር ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ጣቱ ጫፍ ላይ ይታጠፍና ማሽን ወይም ሽቦ ይይዘዋል።

እነዚህ ሁሉ ጓንቶችና ቦቲዎች ለኤሌክትሪክ አይደሉም። ጎማ ነው ተብሎ የወደቀ ሽቦ አይነካም። የኤሌክትሪክ ጓንት ለብቻው ተሠርቶ በቮልት መጠን ይፈተናል፣ ድርብ ሦስት ማዕዘን ምልክትም አለው።

ደረጃ 7፦ ቤት ሲገቡ ይፈትኑ

ለቦቲ፦ ውስጡን ደረቅ ጋዜጣ ይጎዝጉዙ፣ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቱ በላይ አቁመው እንዳይንሳፈፍ ድንጋይ ይጨምሩበት፣ 20 ደቂቃ ይጠብቁ። ጋዜጣው የት ላይ እንደረጠበ ቀዳዳውን ይነግርዎታል። ለጓንት፦ አፉን ይዘው አየር ያስገቡ፣ ከአፉ ወደ ጣቶቹ እየጠቀለሉ አየሩን ወደ ጣት ይግፉት፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ ይድፈቁት። አረፋ ከወጣ ቀዳዳ ነው። የመርጫና የሲሚንቶ ጓንት ይህን ፈተና በየሥራው መጀመሪያ ሊያልፍ ይገባል፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የጓንት ቀዳዳ ከቦቲ ቀዳዳ ይከፋል፤ ውስጥ የገባው ኬሚካል ከቆዳ ጋር ተዘግቶ ስለሚውል፣ ጓንት ካለማድረግም ሊብስ ይችላል።

ደረጃ 8፦ አለባበስ

ሱሪ ከቦቲው ውጭ ይውረድ እንጂ ቦቲው ውስጥ አይግባ። ሱሪው ውስጥ ከገባ ዝናቡም አርማታውም በሱሪው ጨርቅ ተመርቶ ወደ ቦቲው ይወርዳል። አርማታ የሚያፈሱ ከሆነ የላስቲክ ሱሪ ከላይ ደርበው ቁርጭምጭሚት ላይ በጎማ ማሰሪያ ይሰሩት። ሲሚንቶ ከገባ "ሥራው ሲያልቅ አወልቃለሁ" አይባልም፦ ወዲያው አውልቀው እግሩን ቢያንስ 20 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ይጠቡ፣ ቦቲውንም አጥበው ካልሲ ይቀይሩ። ቆዳው ከነጣ፣ ከላላ ወይም ካቃጠለ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

የጓንቱ አፍ እንደ ሥራው ይለያያል። እጅ ወደ ታች የሚሠራ ከሆነ እጅጌው በጓንቱ ላይ ይውረድ። ወደ ላይ የሚረጩ ወይም ጣሪያ የሚያጥቡ ከሆነ የጓንቱ አፍ በእጅጌው ላይ ይውጣና ጫፉ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውጭ ይታጠፍ፤ የሚወርደው ጠብታ እዚያ ይያዛል።

ላብን በተመለከተ መቶ በመቶ የሚያስቀር ነገር የለም፤ የሚቻለው መቀነስ ነው። ሁለት ጥንድ ካልሲ ይያዙ፣ ምሳ ላይ ይቀይሩ። ንጹሕ ጥጥ ላብ መጦ ይይዛል፤ ሱፍ ወይም ከናይለን ጋር የተቀላቀለው ቶሎ ይደርቃል። የቦቲው የውስጥ ሶል የሚወጣ ከሆነ ሁለት ይኑርዎት፤ አንዱ ሲደርቅ አንዱ ይለበሳል። በምሳ ሰዓት ቢያንስ 15 ደቂቃ እግር ከቦቲ ይውጣ። ማታ በሳሙና ታጥቦ በጣት መሃል በደንብ ይድረቅ፤ በእግር ጣት መሃል የሚወጣው ፈንገስ የሚራባው እርጥብና ሙቅ በሆነ ቦታ ነው። ለእጅም ከሥር ስስ የጥጥ ጓንት ማድረግ ይረዳል፤ ለርጭት ግን አይሆንም። ሦስት ጥንድ ቢኖርዎት ቀኑን ሙሉ በደረቅ እጅ ይሠራሉ።

ደረጃ 9፦ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ መለጠፍ

ሥራ ሲያልቅ ጓንቱን ሳያወልቁ እጅዎን በጓንቱ ላይ በሳሙና ይታጠቡ፣ ከዚያ ያውልቁ። ቦቲውን ከውጭ ያጥቡ፤ የሶሉ ጥርስ መሃል የቀረ አሸዋና ሲሚንቶ በእንጨት ይውጣ። ፍሳሽ የነካ ቦቲ ከታጠበ በኋላ በበረኪና ይጸዳል፦ 5 በመቶ የሆነውን በረኪና አንድ እጅ ለዘጠኝ እጅ ውሃ ይቀላቅሉ፣ 10 ደቂቃ ያቆዩ፣ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁ። በረኪናን ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቅሉ።

ማድረቂያው ጥላና ነፋስ ነው። ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ ላይ ማስጣት ቶሎ የሚያደርቅ ስለሚመስል ሁሉም ያደርገዋል፤ ቦቲንም ቶሎ የሚገድለው እሱ ነው። ሁለት እንጨት ተክለው ገልብጠው ይስቀሉት፣ ውስጡን በጋዜጣ ይሙሉና ከሁለት ሰዓት በኋላ ይቀይሩት። ከሰል አጠገብ አይቁም። ሥራ በሌለበት ወቅት ሳይታጠፍ ቆሞ ወይም ተሰቅሎ ይቀመጥ፤ የታጠፈበት መስመር የሚቀጥለው ዓመት ስንጥቅ ነው።

ከመለጠፍ በፊት ጎማ ይሁን ፒቪሲ ይለዩ። መርፌ አግለው የቦቲውን የአፍ ጠርዝ ከውስጥ ይንኩ። ቀልጦ ክር ከሳበና አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ካወጣ ፒቪሲ ነው፤ ሳይቀልጥ ካረረና የተቃጠለ ጎማ ከሸተተ ጎማ ነው። ይህን ደጅ ላይ ያድርጉ፣ ጭሱን አይሳቡ።

የጎማውን ቦቲ ማንኛውም ጎሚስታ ይለጥፈዋል፤ አሠራሩ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ እንደሚለጠፈው ነው። ቦታው ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ከቀዳዳው ዙሪያ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል በብርጭቆ ወረቀት ይፋቅ። ማጣበቂያው በሁለቱም ፊት ስስ ሆኖ ይቀባና እጅ እስከማይዝ ድረስ 5 ደቂቃ ገደማ ይጠብቅ፤ ችኩል የሆነ ሁሉ የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ልጣፊው ተጭኖ በመዶሻ ይቀጥቀጥ፣ ሌሊቱን ይደር። ልጣፊው ጥግ ካለው ከጥጉ ስለሚነሳ ክብ አድርገው ይቁረጡት።

ይኸው ማጣበቂያ ፒቪሲ ላይ አይይዝም። ለፒቪሲ የቪኒል ማጣበቂያና የፒቪሲ ልጣፊ ያስፈልጋል። የውሃ ቧንቧ ማጣበቂያ ይይዛል፣ ግን ሲደርቅ ስለሚጠነክር ባቱ ላይ እንጂ የሚታጠፍ ቦታ ላይ አይቆይም። የጣቱ መገጣጠሚያ ላይ የተሰነጠቀ ፒቪሲ ቦቲ ለውሃ ሥራ አብቅቷል። የሚስማር መከላከያው የተበሳ ቦቲም እንዲሁ፤ ተለጥፎ ውሃ ባያስገባ እንኳ ሚስማሩ የገባበት ቦታ ዳግመኛ አይከላከልም።

ጓንት አይለጠፍም። መድኃኒት የነካው የተቀደደ ጓንት ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይለብሰው ተቆራርጦ፣ በላስቲክ ታስሮ ይወገድ። ያበቃለትን ቦቲ ግን ሙሉውን አይጣሉ፦ መድኃኒት ወይም ፍሳሽ ካልነካው የባቱን ክፍል ቆርጠው ያስቀምጡ፤ ለቀጣዩ ቦቲ ተመሳሳይ ቁስ የሆነ ልጣፊ ከዚያ ይወጣል።